ስላልላክሁት ገንዘብ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራው ደህና ነው፤ ቤቱም ይሞቃል።

ሦስት ወር ሙሉ የጠፋሁት በስልክ ልናገረው ያልቻልሁት ነገር ስለነበረ ነው። ለእህቴ ሠርግ 1,200 ዩሮ በእማዬ ስም ልኬያለሁ። ለወንድሜ ለማሙሽ ሥራ ማስገቢያ የተጠየቀውን 150,000 ብር ግን አልላክሁም፤ አልልክምም። አጥቼ ወይም ሰስቼ እንዳይመስላችሁ እለምናችኋለሁ።

ማሙሽ በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ ሁለት ዓመት ቤት መዋሉ እኔንም ያንገበግበኛል። “ለአገናኙ ይሰጣል፣ እሱ ለኃላፊው ያደርሳል፣ ከዚያ ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል” ሲለኝ ተቆጣሁት እንጂ አልደነገጥሁም። ያስደነገጡኝ እርስዎ ነዎት፤ ስልኩን ተቀብለው “ምን ይደረግ ልጄ፣ ዘመኑ ነው፤ ካለሽ ላኪለት” ሲሉኝ የማውቀው የአባቴ ድምፅ መሆኑን ተጠራጠርሁ።

አባባ፣ የ1993ቱን ፋሲካ ያስታውሱታል? ልጁ በሒሳብ የወደቀበት አንድ ነጋዴ በቅዳሜ ሹር ረፋድ ሙክት አስመጥቶ ከበራችን አጠገብ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ አሳስሮ ሄደ። በዚያ ዓመት እኛ ቤት ከአንድ ዶሮ በቀር የፋሲካ ነገር አልነበረም። እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ ፈተና እያረሙ ነበር፤ ቀና ብለው በጉን አዩና “ለባለቤቱ መልሺለት” አሉኝ። የ12 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርጄ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግሬ፣ እስከ ዶሮ ማነቂያ ድረስ ጎተትሁት፤ አገሩ ሁሉ በግ ወደ ቤቱ ሲያስገባ እኔ አውጥቼ ስሄድ ሰው ዞሮ ያየኝ ነበር። ድልድዩ ላይ አልሄድም ብሎ ተኛብኝና አንድ መንገደኛ ከኋላ ገፋልኝ። ማታ እማዬ ገመዱ የላጠውን መዳፌን ቫዝሊን ስትቀባልኝ እርስዎ አጠገቤ ቁጭ ብለው “አመመሽ?” አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም።

የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚያው በ1993 ነው። ማሙሽን “ጉቦ የጠየቀህን ሰው ለምን አትጠቁምም?” ብዬ ብጠይቀው “ስሜ ተይዞ የትም ሥራ እንዳላገኝ?” አለኝ። ለዚህ መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም ያ ፍርሃት ከእኛው ቤት የወጣ መሆኑን አውቃለሁ። ግንቦት 7 ቀን 1997 እኔ ለመምረጥ ዕድሜዬ ባይደርስም ከጎንዎ ተሰልፌ ውዬ አመሸሁ፤ ያን ቀን ሐሳብን በነጻነት ስለ መግለጽ የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 በቃሌ አስጠኑኝ። በጥቅምት 1998 በምርጫው ውጤት በተነሣው ተቃውሞ ተኩሱ ሰፈራችን ድረስ ሲሰማ፣ እርስዎ በፍራሽ ሥር ያስቀመጧቸውን ጋዜጦች እማዬ አንድ በአንድ ከሰል ማቀጣጠያ ስታደርጋቸው እርስዎ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ወዲህ ስለ አገር ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር ስለ ዝናቡ ይነግሩኛል። አልወቅስዎትም፤ አጣሪው ኮሚሽን 193 ሰዎች መገደላቸውን ያረጋገጠበትን ጊዜ ልጆች ይዞ ያለፈ አባት ዝምታን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ጉቦ ጠያቂው የሚኖረው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

እዚህ የምጦራቸው ጡረተኛ መምህር አሉ። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ከፍተው የከተማውን ከንቲባ በስሙ እየጠሩ ይነቅፋሉ፤ በሩን ዝጊልኝ ሳይሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። ከዚያ ቡናቸውን ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ ሁልጊዜ እርስዎ ትዝ ይሉኛል።

“ከሩቅ ሆኖ ሐቀኛ መሆን ቀላል ነው” ብሎኛል ማሙሽ። እውነቱን ነው፤ ደግሞም ያላወቃችሁት ነገር አለ። በ2008 ስወጣ ሰነዴ እንዳይጓተት ለአንድ ሠራተኛ 3,000 ብር በፖስታ አድርጌ ሰጥቻለሁ። ገንዘቡ እማዬ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ለመንገድ የሰጠችኝ ነበር። ሰውየው ሳይቆጥረው መሳቢያው ውስጥ ጣለው። አሥር ዓመት ደብቄዎት ኖሬአለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ማሙሽ ይህን ሸክም በሥራው የመጀመሪያ ቀን ተሸክሞ እንዲገባ አልፈልግም፤ ከፍሎ የገባ ሰው የከፈለውን ከሌላው ለማውጣት እንደሚገደድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የሆኑ ጊዜ፣ እማዬ እንዳለችኝ እራት አልበላም ብለው ተኙ። ለራስዎ ልጆች ሳይሆን ለሰው ልጆች ነበር ያዘኑት። ማሙሽን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ በገዛ ዕውቀቱ ከሚያልፉት አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ፈተና እስኪጨርስ የምዝገባውንም የመጽሐፉንም በየወሩ እኔ እከፍላለሁ። ይዘገያል፤ አውቃለሁ።

ስለ ሠርጉ ሳልጽፍ ብቀር እህቴ አትምረኝም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እርስዎ ወገኑንም ሀብቱንም ሳይጠይቁ “ልጁ ምን ያነባል?” አሉ ሲሉኝ በሥራ ቦታዬ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ቀሚሷ ከኋላ የሚቆለፈው በጥቃቅን ቁልፎች ነው አለችኝ፤ ማን ይቆልፍላታል? ልጅ ሳለች ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን የምቆልፍላት እኔ ነበርሁ። የያዝሁት ሰማያዊ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከኢትዮጵያ በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል ይላል፤ ያንን መስመር በጣቴ ሸፍኜ አየዋለሁ። በጥር በሠርጉ እኔ አልኖርምና እርስዎ ጫማዎን አይርሱ፤ ስኳር ያለበት እግር በጠባብ ጫማ አይቆምም። መድኃኒቱንም “እወስዳለሁ” ብለው አያታልሉኝ፤ ለእማዬ በሰዓት ጽፌላታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ጎረቤቴ ከሠርጉ በኋላ ትመለሳለች። መልሱን በስልክ ሳይሆን በእጅዎ ጽፈው ለእሷ ይስጡልኝ፤ ቢቆጡኝም ይጻፉት። ማሙሽ በበጉ ጊዜ አልተወለደም ነበር። ነግረውት ያውቃሉ? ካልነገሩት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እግርዎ ከፈቀደልዎ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ አብራችሁ ውረዱና እዚያው ቆመው ይንገሩት።

ልጅዎ