ለአባቴ፤ ስለ ነፃነትና ስለ ደሴው ቤት

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? እኛ ሁላችንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ይህ ሌት ተቀን የምታነቢው ፍልስፍና ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልሼ ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ወንድሞቼ የደሴው ቤት ይከራይ፣ እርስዎም አዲስ አበባ ይግቡ ብለው መምከራቸውን ሰማሁ። ሁለቱ ነገሮች ለእኔ አንድ ናቸውና በአንድ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ።

የማነበው የህልውና ፍልስፍና የሚባለውን ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥቅምት 1945፣ ፓሪስ ከጀርመን ወረራ ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር በተጨናነቀ አዳራሽ ቆሞ ሰው አስቀድሞ ይኖራል፣ ማን እንደሚሆን ግን በምርጫውና በሥራው ራሱ ይወስናል ሲል አስረዳ። ሳርትር ይህን ያለው ፈጣሪ የለም ከሚል መነሻ ነው፤ እርስዎ እንደማይቀበሉት አውቃለሁ፣ እኔም አልቀበለውም። ነገር ግን ከእሱ መቶ ዓመት ቀድሞ፣ በ1843፣ የዴንማርኩ ፈላስፋ ሶረን ኪርክጋርድ ስለዚሁ የምርጫ ጭንቀት ሲጽፍ የተነሣው ከአብርሃምና ከይስሐቅ ታሪክ ነበር። አማኝም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

በዚያ ንግግሩ ሳርትር ስለ አንድ ተማሪው ተናግሯል። የልጁ ታላቅ ወንድም በ1940 በጀርመኖች ጥቃት ሞቷል፤ አባቱ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ወደ ወራሪዎቹ አዘንብሏል፤ ለእናትየዋ የቀራት መጽናኛ እሱ ብቻ ነው። ወጣቱ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ጀርመኖችን ከሚወጋው ከነፃይቱ ፈረንሳይ ጦር ጋር ይሰለፍ ወይስ እናቱን ይጡር? ጭንቅ ቢለው መምህሩን ሊያማክር መጣ። ሳርትርም «ነፃ ነህ፣ ምረጥ» አለው።

ይህን መልስ ጨካኝ የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ተማሪው የሚያከብረው መምህር ነበርና «ሂድ» ቢለው ምናልባት ይሄድ ነበር፣ «ቅር» ቢለውም ይቀር ነበር። ይህን ያህል ሥልጣን በእጁ ሳለ አልተጠቀመበትም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «ሕክምና ትማር» ሲል፣ «እሷን ጠይቋት እንጂ» ያሉት እርስዎ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሆኜ የቆምኩ ያህል ይሰማኛል።

ሆኖም የሳርትር መልስ አይበቃኝም። የሕይወት አጋሩ፣ ፈላስፋዋ ሲሞን ደ ቦቯር፣ የሰዎች ሁኔታ እኩል አይደለም እያለች ትሞግተው ነበር፤ በር ተቆልፎበት ለተቀመጠ ሰው «ነፃ ነህ» ማለት ምን ይረባዋል? በ1970 ደግሞ ስለ እርጅና አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመች። ኅብረተሰቡ አረጋዊውን ከሰው ተራ አውጥቶ፣ ሌሎች የሚያነሡትና የሚያስቀምጡት ነገር እንደሚያደርገው ጽፋለች። ይህን ሳነብ እርስዎ በሌሉበት የተደረገው የወንድሞቼ ምክር በዓይኔ መጣ።

ሳርትር ራሱ በ1973 ገደማ ዓይኑ ደክሞ ማንበብና መጻፍ ተሳነው፤ ቦቯር ታነብለት ነበር። ያም ሆኖ በሰኔ 1979፣ ሊሞት አንድ ዓመት እንኳ ሳይቀረው፣ በሰው ክንድ ተደግፎ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደ። በጀልባ ከቬትናም ለሚሸሹ ስደተኞች ፈረንሳይ በሯን እንድትከፍት ሊማልድ ነበር የሄደው፤ አብሮትም ለረጅም ዘመን የተቃቃረው የወጣትነት ጓደኛው ሬሞን አሮን ነበር። ሰው የሚያነብለት፣ ሰው የሚመራው ሽማግሌ ቢሆንም ምርጫው የራሱ ነበር።

ወንድሞቼ በክፋት አላሰቡትም። ደረጃው፣ ጉልበትዎና የሌሊቱ ብቸኝነት ያሳስባቸዋል፤ እኔንም ያሳስበኛል። ግን «ለእሱ ብለን ነው» እያልን ፍቅራችንን ሥልጣን ልናደርገው አይገባም። አዲስ አበባ መግባት ማለት እኮ እድርዎን፣ የማኅበር ወዳጆችዎንና አርባ ዓመት የሚያውቅዎትን ጎረቤት መተው ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ መመዘን የሚችል ከእርስዎ በቀር ማንም የለም።

ምርጫው በቃል ብቻ እንዳይቀር ከአቅሜ የምችለውን ልንገርዎት። እዚያው ልኑር ካሉ፣ ሌሊት አብሮዎት የሚያድር ሰው ደመወዝ በየወሩ እልካለሁ፤ መኝታዎን ወደ ምድር ቤት ማውረዱንና መታጠቢያውን ማስተካከሉንም እኔ አስጨርሳለሁ። ልምጣ ካሉ ደግሞ እኔ ዘንድ የራስዎ ክፍል አለ፤ መጻሕፍትዎም አብረው ይመጣሉ። በዚያም ቢሆን የደሴው ቤት እርስዎ ሳይፈቅዱ አይከራይም።

እስኪወስኑ ድረስ ተከራይ እንዳይፈልጉ ለወንድሞቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል። አይቸኩሉ። ለፋሲካ ስመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ ከዚያ በፊት ልብዎ ከቆረጠ ግን ይደውሉልኝ። እኛ ያላሰብነው ሦስተኛ መንገድ ካለዎትም እሱን መስማት እፈልጋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ