ስለ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መታሰቢያ፦ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ አባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ የኢንጂነር ስመኘው በቀለ መታሰቢያ የሚሆን የትምህርት ሥፍራ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግንባታውን ከጅምሩ አንሥቶ በሥራ አስኪያጅነት የመሩት ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ግን ለዚያ ቀን አልደረሱም። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠዋት አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ፣ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ በሦስተኛው ቀንም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተብሏል፤ ዛሬም ይባላል። እኔ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ነው፤ ሰባት ዓመት በጉባ በረሃ የደከሙ ሰው በአንዲት ጠዋት ብቻ ሊታወሱ አይገባም ብዬ አምናለሁና።

ኢንጂነር ስመኘው በ1957 ዓ.ም. ማክሰኚት ተወለዱ። ማክሰኚት ከእኛ ከተማ ተነሥቶ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ባልደረባነት በጊቤ አንድ፣ ቀጥሎም በጊቤ ሁለት ፕሮጀክቶች ላይ ሠሩ። ጊቤ ሁለት፣ ጊቤ አንድ የተጠቀመበትን ውኃ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ውስጥ አሳልፎ ዳግመኛ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ሲሆን፣ ተራራውን መብሳቱ ምን ያህል ትዕግሥት እንደጠየቀ የሙያው ሰዎች ያውቁታል። የግድቡ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ ሲጣል ኃላፊነቱ የተሰጣቸው በዚህ ሥራ ለተፈተኑት ለእሳቸው ነበር።

ሕዝብ የወደዳቸው ግን በሙያቸው ብቻ አይመስለኝም። የአገራችን ትልልቅ ግንባታዎች ብዙ ጊዜ የሚታወቁት መሠረት ሲጣልና ሪባን ሲቆረጥ ነው፤ በመካከሉ ያለውን የዓመታት ልፋት የሚያስረዳ አይገኝም። ኢንጂነር ስመኘው የደኅንነት ቆባቸውን እንደደፉ ከሥራው ቦታ ሆነው፣ ስንት ሜትር ኩብ አርማታ እንደተሞላና ምን እንደቀረ ለጎብኚውም ለጋዜጠኛውም በትዕግሥት ያስረዱ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. አባይ አቅጣጫውን ሲቀይርም ቢሆን፣ ከወር ደመወዙ እየተቆረጠበት ቦንድ የገዛው ሠራተኛና ከጉሊት ገቢዋ ያዋጣችው እናት ገንዘባቸው ምን ላይ እንደዋለ የሰሙት ከእሳቸው አንደበት ነው። ገንዘብ ያዋጣ ሕዝብ ማብራሪያ ይገባዋል ብሎ የሚያምን ባለሙያ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ በበኩሌ ከግድቡ ቁመት በላይ የማከብርላቸው ይህንን ነው።

ክቡር ከንቲባ፣ ሰውየው ያረፉት አዲስ አበባ፣ ግድቡም ያለው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሆኖ ሳለ ጥያቄው ለምን ለባሕር ዳር ይቀርባል የሚል ይኖር ይሆናል። አባይ ጉዞውን የሚጀምረው ከእኛ ደጅ ስለሆነ ነው። በእርግጥ ጉባ ከሚደርሰው ውኃ የጣና ድርሻ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም፤ የሚበዛውን የሚጨምሩት በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስና ሌሎቹ ገባሮች ናቸው። እኔ በከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ይህንን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይገረማሉ። ይበልጥ የሚገርማቸው ግን ሌላ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ከሕዳሴው ግድብ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ ከፍታው 640 ሜትር ነው። ስለዚህ በከተማችን የአባይ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ጉባ እስኪደርስ ከ1,100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጣና በስፋት ቢበልጥም ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ የሚይዘው ውኃ ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ሰው ሠራሹ ንጋት ግን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። በአንጻሩ ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ አባይ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ፣ በ1950ዎቹ ሥራ ሲጀምር 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር የሚያመነጨው፤ የሕዳሴው ግድብ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያች ትንሽ ጣቢያ ተነሥቶ ጉባ የደረሰውን የሙያ ጉዞ ውኃው አጠገብ ቆሞ ማስተማር የሚቻልበት ከተማ ከባሕር ዳር የተሻለ አይኖርም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ከጣና የሚወጣውን ውኃ ከሚቆጣጠረው ከጨረጨራ ግድብ እስከ አዲሱ የአባይ ድልድይ ባለው የወንዙ ዳርቻ አመቺ የሆነ ቦታ ተለይቶ፣ በኢንጂነር ስመኘው በቀለ ስም የሚጠራ ክፍት የትምህርት ሥፍራ ይዘጋጅ። ሐውልት ይቁም ከተባለ አልቃወምም፤ ነገር ግን ሲያስረዱ ለኖሩ ሰው የሚያስረዳ ቦታ ይበልጥ ይመጥናቸዋል። ከጣና እስከ ጉባ ያለው የወንዙ መንገድ ገባሮቹንና ከፍታውን እያሳየ በድንጋይ መሬት ላይ ቢሠራ፣ የሐይቁ የውኃ መጠን በየዕለቱ የሚነበብበት መለኪያ ቢቆም፣ በእጅ የሚዞር ትንሽ ተርባይን ቢኖር፣ ልጆች ከመጽሐፍ የሚያነቡትን በዓይናቸው ያዩታል። ሞዴሉን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸው አድርገው ሊነድፉት ይችላሉ፤ ብየዳውንና ግንበኝነቱን ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ይሥሩት። በግድቡ ሥራ ላይ ሕይወታቸው ያለፈ ሠራተኞች ስምም ከቤተሰቦቻቸው ፈቃድ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ሥራ አስኪያጁ ብቻቸውን ግድብ አልሠሩም።

ክልላችን ያለበትን ሁኔታና የአስተዳደሩን የበጀት ጫና አውቃለሁ። ስለዚህም አዳራሽ ወይም ሕንፃ አልጠየቅሁም። የሐይቁና የወንዙ ዳርቻ በኮሪደር ልማት እየተሠራ ስለሆነ፣ ይህ ሥፍራ በዕቅዱ ውስጥ ከአሁኑ ቢካተት ወጪው ይቀንሳል፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ማፍረሱ ነው የሚከብደው። ቦታው ሲመረጥ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ቆሻሻ የሚደፋበት ወይም እምቦጭ የሚከማችበት ጥግ እንዳይሆን፣ ከሆነም አስቀድሞ እንዲጸዳና በቋሚነት የሚጠብቀው እንዲመደብለት። ለውኃ ሥራ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰው ስም ከተበላሸ ውኃ አጠገብ ሊጻፍ አይገባም።

ከሁሉ በፊት የሟቹን ቤተሰብ ማማከር ይገባል፤ ስሙ የእነሱ ነው። ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ አስተዳደሩ፣ ዩኒቨርሲቲውና የከተማዋ መምህራን የተወከሉበት አነስተኛ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ የቦታው መረጣም ዕረፍታቸው ስምንተኛ ዓመት ከሚሞላበት ከሐምሌ 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በፊት ተጠናቅቆ ለነዋሪው በይፋ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለኮሚቴው ያለ ክፍያ ለመሥራት እኔም ሆንኩ የሙያ ባልደረቦቼ ዝግጁ ነን፤ ለተማሪዎች የሚሆነውን የማብራሪያ ጽሑፍ ረቂቅም ጽሕፈት ቤቱ በጠየቀን ጊዜ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕር ዳር ከተማ ነዋሪና የፊዚክስ መምህር