የተወነጨፈው ፒያኖ ለምን ተዘነጋ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

«ኖርዘርን ኤክስፖዠር» ስለተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ያወጣችሁት ጽሑፍ የዶክተር ጆኤል ፍላይሽማንን ብስጭት ብቻ መተረኩ ቅር አሰኝቶኛል። የአላስካ ግዛት የትምህርቱን ወጪ ስለሸፈነለት ሲስሊ በተባለች ምናባዊ ከተማ እንዲያገለግል የተገደደው የኒውዮርክ ልጅ ማማረር በእርግጥ ያስቃል፤ ገጠር የተመደበ የአገራችን ሐኪምም ስሜቱን አያጣውም።

ይሁንና የድራማው ጥንካሬ ጎልቶ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1992 በታየው አንድ ክፍል ነው። የሬዲዮ አቅራቢው ክሪስ በግዙፍ ማስወንጨፊያ ላም ወደ ሰማይ ለመወርወር ሲሰናዳ፣ ፊልም አፍቃሪው ኤድ ይህ በፊልም ቀድሞ መሠራቱን ይነግረውና ሐሳቡን ያስተወዋል፤ በኋላም የአውሮፕላን አብራሪዋ የማጊ እናት የልጇን ቤት ሳታስበው ስታቃጥል ከእሳቱ የተረፈውን የከሰለ ፒያኖ ይመርጣል። የከተማው ሰው ነቅሎ ወጥቶ ፒያኖው ሲበር በአድናቆት ይመለከታል እንጂ ክሪስን እብድ የሚለው የለም። ደራሲዎቹ በባላገር ላይ ለመሳለቅ የተመቸ አጋጣሚ አግኝተው አለመሳለቃቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከሐኪሙ ቀልዶች ሁሉ ይበልጣል።

በተጨማሪም የከተማዋ ጎዳና የተቀረጸው እንዳላችሁት አላስካ ሳይሆን በዋሽንግተን ግዛት፣ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በሆነችው ሮዝሊን ስለሆነ፣ እርማት እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ