የሲ መጽሐፍ ኮፒ ከማስደረግዎ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እዚህ ድሬዳዋ ሲ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋና ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ለመማር የተነሳ ወጣት ከታላላቆቹ የተረፈ መጽሐፍ ይዞ ከዚራ ሰፈር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ቢገባ አይገርምም። ብሩን ከመክፈሉ በፊት ግን ምሳሌዎቹን ገልጦ ይይ። ኮኒዮ ኤች (conio.h) የሚል የፋይል ስም ካገኘ መጽሐፉ ለድሮው የዶስ ሥርዓት፣ ለቱርቦ ሲ ኮምፓይለር (የተጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚቀይር ሶፍትዌር) የተጻፈ ነው፤ ዩኒክስን በሚመስለው ሊኑክስ ላይ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር «ፋይሉ የለም» ብሎ እዚያው ይቆማል።

የባሰው ተጠቃሚው የሚጽፈውን መስመር የሚያነበው ጌትስ (gets) የሚባል ትእዛዝ ነው። ስንት ፊደል እንደሚመጣ ሳይገድብ ስለሚያነብ፣ 20 ፊደል በሚይዝ ቦታ 40 ሲገባ ትርፉ አጠገቡ ያለውን ሜሞሪ ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ትል የተባለው፣ ራሱን በኔትወርክ የሚያባዛ ፕሮግራም ከተሰራጨባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ2011 የቋንቋው ደረጃም ጭራሽ ሰርዞታል። በምትኩ የፊደሉን ብዛት የሚገድበውን ኤፍጌትስን (fgets) የሚያስተምር መጽሐፍ ይፈለግ።

የከርኒጋንና የሪቺን «ዘ ሲ ፕሮግራሚንግ ላንጉጅ» የተባለ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ዛሬም ከልብ እንመክራለን፤ ሽፋኑ ላይ «አንሲ ሲ» (ANSI C፣ የቋንቋው መደበኛ ደረጃ) የሚል መኖሩ ይረጋገጥ። ሁለት ቦታ ግን ጀማሪን ያደናቅፋል። የመጀመሪያው ፕሮግራም ከሜይን (main) በፊት ኢንት (int) የሚለው ቃል ስለሌለው ጂሲሲ ስሪት 14 አይቀበለውም፤ ኢንት ጨምሮ ማለፍ ነው። እዚያው ምዕራፍ 1 ውስጥ ያለው ጌትላይን (getline) የሚባል ፋንክሽን ደግሞ ዛሬ ስሙ በስታንዳርድ አይኦ (stdio.h) ፋይል ስለተያዘ «ኮንፍሊክቲንግ ታይፕስ» (የሚጋጩ ዓይነቶች) የሚል ስህተት ያመጣል። ተማሪው ያጠፋ ይመስለዋል፤ አላጠፋም። በሁሉም ቦታ ስሙን ማይላይን ብሎ ይለውጠው። ፕሮግራሚንግ ከነጭራሹ ላልሞከረ ሰው ግን ይህ መጽሐፍ ይፈጥንበታል፤ የኪንግ «ሲ ፕሮግራሚንግ፦ ኤ ሞደርን አፕሮች» ሁለተኛ እትም ይሻለዋል።

የዩኒክሱን መጽሐፍ በፎርክ (fork) ምዕራፉ ይመዝኑት፤ ፎርክ አንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም፣ የራሱን ቅጂ እንደ ልጅ የሚፈጥርበት ትእዛዝ ነው። ከፎርክ በፊት ጽሑፍ በሚያወጣው የፕሪንትኤፍ (printf) ትእዛዝ የተጻፈ ሙሉ መስመር ስክሪን ላይ አንዴ ይወጣል፤ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲላክ ግን ሁለቴ ይገኛል። ወደ ፋይል ሲሆን ጽሑፉ በፈር በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ይቆያል፤ ልጁ ፕሮሰስ በፈሩን ከነይዘቱ ይወርሳል፤ ሲጨርሱ ሁለቱም የየራሳቸውን ይጽፋሉ። የስቲቨንስ የዩኒክስ መጽሐፍ ይህን በፕሮግራም ያሳያል። የከሪስክ «ዘ ሊኑክስ ፕሮግራሚንግ ኢንተርፌስ» ከ1,500 ገጽ ስለሚበልጥ የፋይል፣ የፕሮሰስና የሲግናል ምዕራፎቹ ለጊዜው ይበቃሉ። የፎርክን ማብራሪያ የሚያሳየው «ማን 2 ፎርክ» (man 2 fork) የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት «የለም» ካለ ማንፔጅስ ዴቭ (manpages-dev) የሚባለውን ፓኬጅ መጫን ነው።

በድሬዳዋና በሐረር ለምትገኙ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፦ የቱርቦ ሲ መጻሕፍትን አትጣሉ፤ ሽፋናቸው ውስጥ «ለዶስ የተጻፈ፣ ጌትስን አትጠቀሙ» የሚል ወረቀት ለጥፉበት።

የፕሮግራሚንግ መምህራን፣ ከድሬዳዋ