ውሃ የሚጠጣ የፋይበር ጀልባ ሸጣችሁልናል

ለጀልባ አምራቹ ድርጅት፣ ሽያጭና ጥገና ክፍል

ሰላም ናችሁ? እኛ ከወሎ ሐይቅ ነን፣ ታህሳስ ላይ ሁለት ባለ 5 ሜትር የፋይበር ጀልባ የገዛናችሁ አሳ አጥማጆች። በደወልን ቁጥር "ቴክኒሻኑ ፊልድ ነው" እየተባልን ሰለቸንና በጽሁፍ መጣን፣ እባካችሁ ለሚመለከተው ሰው አድርሱልን።

አንደኛዋ ጀልባ ደህና ናት፣ ውሸት አንናገርም። ችግሩ ሁለተኛዋ ነው። ስትመጣ ስድስት ሆነን ከአይሱዙ ላይ አውርደናታል፣ አሁን ማታ ወደ ዳር ስናወጣት አስር ሆነንም ወገባችን ይቆረጣል። መጀመሪያ ወለሉ ስር ውሃ ገብቶ ነው ብለን ከፍተን አየን፣ ደረቅ ነው። ከዛ አንዱ ልጅ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ በቡሎኑ ቀዳዳ ቡኒ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አየ፣ ጀልባዋ ከውሃ ከወጣች ሁለት ቀን ሆኗታል ልብ በሉ! ቡሎኑን ስንፈታው ውስጥ ያለው ኮምፔርሳቶ በጥፍር ሲነካ እንደ ፍርፍር ይበታተናል። በድሪል በስታችሁ ቡሎን ከታችሁ በቃ፣ ቀዳዳው ውስጥ ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ) የለ ሲልኮን የለ፣ እንጨቱን ራቁቱን ነው የተዋችሁት። 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚንጠለጠለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ ነዳጅ ሰጠት ስናደርገው ግድግዳው ሲወዛወዝ በአይን ይታያል።

ሌላም አለ። ሳንቲም ይዘን ጎንና ጎኗን መታ መታ አደረግናት፣ ደህናዋ ጀልባ ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ ይቺ ግን ከፊት በስተቀኝ የእንጀራ ምጣድ የሚያክል ቦታ ላይ ዱብ ዱብ ነው የምትለው፣ ሆዱ ባዶ። እዛው አካባቢ ከውሃው መስመር በታች የላይኛው ልባስ፣ ጄልኮቱ፣ ሽፍታ እንደወጣበት ቆዳ ጉብ ጉብ ብሏል፣ አንዱን በመርፌ ስንወጋው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ወጣ። ኮምቦልቻ ፋይበር የሚሰራ ልጅ አምጥተን አሳየነው፣ የፋይበሩ ንጣፍ ሲነጠፍ በሮለር ተጨምቆ አየሩ አልወጣም፣ ሬዚኑም በደንብ ሳይደርቅ ነው የወጣው፣ ወይ ማድረቂያው፣ ሀርድነሩ፣ በልክ አልገባም ወይ ብርድ ላይ ተሰርቷል አለን። የቱ እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ የሰራችሁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ቀን ስልክ ያነሳው ልጅ ምን አለን፣ "ድንጋይ ላይ ጎትታችኋት ነው"። ኧረ በአላህ! ድንጋይ ከውጭ ይፍቃል እንጂ የቡሎን ቀዳዳ ገብቶ እንጨት ያበሰብሳል እንዴ? እኛ እኮ ውሃ ላይ ነው ያደግነው። የአባቶቻችን ታንኳም ውሃ ይጠጣል፣ ግን ይጠጣል ብለን ስለምናውቅ ከውሃ አውጥተን ፀሀይ ላይ እናቆመዋለን፣ ይደርቃል፣ ሲያረጅ ሌላ እናስራለን። እናንተ "ፋይበር ውሃ አይጠጣም፣ እድሜ ልክ ነው" ብላችሁ ነው የሸጣችሁልን፣ ይቺ ደግሞ ትጠጣለች ግን አትደርቅም።

ሐይቃችን ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ነው፣ መሀል ላይ ንፋስ ሲነሳ ቀልድ የለም። መጋቢት ላይ ሁለት ልጆች መረብ ሊያነሱ ወጥተው ሞተሩ ከነግድግዳው ሲንቀጠቀጥባቸው አጥፍተው በመቅዘፊያ ነው የመጡት፣ እናቶቻቸው ዳር ላይ ቆመው። ከዛ ወዲህ አላወጣናትም። ጾሙና ረመዳኑ ገጥሞ ደሴ ላይ ቆሮሶ አሳ በሚፈለግበት ሰሞን በአንድ ጀልባ ስንሰራ ከረምን፣ የዚህን ኪሳራ እንኳን ለጊዜው ትተነዋል።

የምንፈልገው ሰው እንድትልኩ ነው። የኋላው ግድግዳ ተቆርጦ እንጨቱ ይቀየር፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ በሬዚን ይታሸግ፣ የፊቱም ዱብ የሚለው ቦታ እስከ ደህናው ድረስ ተፍቆ እንደገና ይነጠፍ፣ ይሄን የማትችሉ ከሆነ ጀልባዋን ወስዳችሁ ብራችንን መልሱ። ከላይ ቀለም ቀብቶ ሊሄድ የሚመጣ ሰው ግን ባይደክም ይሻላል። ዋስትናው አንድ አመት ይላል፣ ማህተማችሁ አለበት፣ ፎቶና ቪዲዮውን በቴሌግራም ልከናል፣ ማየታችሁን ሁለት ራይት አሳይቶናል መልስ ግን የለም።

ክረምት ሳይገባ ኑ። ለማደሪያው አታስቡ፣ እኛ ቤት ነው፣ አሳውም አይጠፋም። ጀልባዋ ዳር ላይ ተገልብጣ ነው ያለችው፣ የፈታናቸውን ቡሎኖች ከነብስባሹ እንጨት በፌስታል አስቀምጠንላችኋል።