የሙዚቃ ሶፍትዌር ክበብ፦ ዴስኩን በ11 ቁልፍ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሲቆርጥ ነው የከረመው። የተቀዳ ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚጫወት አጭር ድምፅ እንወስዳለን፤ በየምቱ እንቆራርጠዋለን፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ሳምፕለሩ (የተቀዳ ድምፅ በቁልፍ የሚያጫውተው ሶፍትዌር) ውስጥ ለአንድ የኪቦርድ ቁልፍ እንሰጣለን። ከዚያ በኋላ ሉፑ በጣት የሚጫወቱት መሣሪያ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሉፓችን የተገኘው ከዴስክ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በጣቷና በመዳፏ ስትመታ በስልክ ቀዳናት። ሜትሮኖሙ፣ ማለትም የፍጥነት መጠበቂያው፣ በደቂቃ 96 ምት ላይ ስለነበር አራት ምት ያለው ባር 2.5 ሰከንድ ይወስዳል። ስሌቱን ልጆቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ሠሩት። ባሩንም 16 ቦታ እኩል ከፈሉት።

አልሠራም። ሰው እንደ ሰዓት አይመታም። አንዳንዱ ምት ፊቱ ተቆርጦ ጭራው ብቻ ቀረ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ራሱ ድምፅ በድንገት የሚነሣበትን ቦታ ፈልጎ እንዲቆርጥ አደረግን። ድምፅ የመለየት ንቃቱን ከፍ ስናደርገው የቀለበቷን ንክኪ ሳይቀር ምት ነው ብሎ 23 ቁራጭ ሰጠን። ዝቅ ስናደርገው ለስለስ ያሉትን የጣት ምቶች ዘለላቸው። በመጨረሻ 11 ላይ ተስማማን። ሦስቱን የመቁረጫ ቦታዎች በጆሮ እየሰማን በእጅ አስተካከልናቸው።

ከሁሉ የፈተነን ግን "ጠቅ" የምትል ትንሽ ድምፅ ናት። ቀድሞ የሰማት አንድ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ እኔ እንኳ አልሰማኋትም ነበር። የድምፁን ሞገድ ስክሪኑ ላይ አጉልተን አየነው። መቁረጫው ያረፈው ሞገዱ ከፍ ባለበት ቦታ ላይ ነው። ድምፁ ከዝምታ በአንዴ ሲዘል "ጠቅ" ይላል። ሞገዱ የመሐሉን መስመር ወደሚያቋርጥበት ስናስጠጋው ጠፋች። እምቢ ባለው ቁራጭ ላይ ደግሞ መነሻውን በ2 ሚሊሰከንድ አለሰለስነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ፋይል ከማስቀመጡ በፊት ያን ልጅ "እስቲ ስማልኝ" ይለዋል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፍጥነቱን ወደ 80 አወረድነው። የተቆረጠ ሉፕ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ቢዘገይም ድምፁ አይወፍርም። ይህን ዘዴ ያስፋፋው ሪሳይክል የተባለው የስዊድን ሶፍትዌር በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። ብቻ በቁራጮቹ መሐል ክፍተት ተፈጠረ። አንዲት አባል ክፍተቱን አልሸፈነችውም፤ ጭብጨባ ቀድታ አስገባችበት። በጣም ደስ አለኝ።

በመዝጊያው ዝግጅት ዴስኩን የመታችው ልጅ የራሷን ምት ከመጨረሻው ቁራጭ ጀምራ ወደ ኋላ ተጫወተችው። ፋይሉ ለቀጣዩ ዓመት አባላት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጧል።