ሰማዩ ጥርት ሲል ነው የምሰጋው

አዳማ፣ ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤ መሐል ሜዳ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሳልዎስ ለቀቀዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማ ነፋሷን ይዛለች፤ ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ሌት ተቀን ይሽከረከራሉ፤ የእህል መጋዘናችን አቧራም ዓይን አያስገልጥም።

እሑድ በስልክ «ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ዝናብ የለም፣ ምን ጎደለኝ?» አሉኝ። ለውቂያው እውነትዎን ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያው ጥርት ያለው ሰማይ ነው። ደመና ለምድር ባናዋ ነው፤ ቀን የሞቀችውን ሌሊት ይዞ ያቆይላታል። በጋ ሲገባ ባናው ይገፈፋል፣ ከሰሜን ምሥራቅም ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ኮከብ የበዛበትና ነፋስ የሌለበት ሌሊት እንደሚያስፈራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አይሉም፤ ቁጥር ጨመሩበት እንጂ።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ መንዝ ያለው የእርስዎ ቀዬ 3,000ውን ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እኔ እዚህ ነጠላ ደርቤ «በረደኝ» ስል፣ እርስዎ ዘንድ ከዚያ 9 ዲግሪ ያህል ወርዷል። በሬዲዮ የደጋው ሌሊት ከ5 ዲግሪ በታች ይሆናል ሲባል የከተማ ሰው 4 ወይም 3 ይመስለዋል። ለመንዝ ከዜሮ በታችም «ከ5 በታች» ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎቹ በጋ የሚሉት ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለን የተገላገልን ይመስለናል እንጂ ታኅሣሥ ገና ከፊታችን ነው።

አምና በዚህ ወር መጥቼ ሳድር ደጅ የተረሳውን ባልዲ ያስታውሳሉ? ማለዳ ውኃ ልቀዳ ጣሳውን ስሰድ ቋ! አለ። በረዶውን ሰብሬ እጄን ካጠብኩ በኋላ ጣቶቼ እስከ ቁርስ ድረስ የእኔ አልነበሩም። ከወንዙ ዳር ያለው ባቄላችን ደግሞ ፀሐይ ሲወጣበት የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ተኛ። ተዳፋቱ ላይ ያለው የጎረቤታችን ባቄላ ግን ተረፈ። እርስዎ «ዕድል ነው» አሉ። ዕድል ብቻ አይደለም አባቴ፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ እየወረደ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ይተኛል። ለከርሞ የወንዙን ዳር ለገብሱ ይተዉለት፣ ባቄላውን ወደ ላይ ያውጡት። ገብስም ውርጭ አይነካውም አልልም፤ ከባቄላ ግን ይሻላል።

ስለ ክምሩ አንድ ነገር ብቻ። ጥርት ያለ ሰማይ ቃል አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ኤልኒኞ የሚሉት የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ተደራርበው ያልታሰበ ዝናብ ሲያመጡ፣ ነዶው በክምሩ ላይ እንዳለ በቀለ። ልጅ ብሆንም እናቴ ያን የበቀለ ገብስ በእፍኟ ይዛ ዝም ስትል አይቻለሁ። ክምሩን በሸራ ይሸፍኑት፣ ሳይውል ሳያድርም ይወቁት። ጎተራ ከማስገባትዎ በፊት ፍሬውን በጥርስዎ ይሞክሩት፤ ቀጭ ካላለ አልደረቀም። እኛም መጋዘን ውስጥ መሣሪያ እያለ የምናምነው ጥርሳችንን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ የሚያነብልዎት ልጅም ይህን መስመር እንዳይዘለው። ማታ የከሰል ፍም መኝታ ቤት አስገብተው በርና መስኮት ዘግተው እንደሚተኙ ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ። ፍሙ ጭስ የለውም ብለው አይመኑት፤ የሚገድለው ጭሱ ሳይሆን የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው። መጀመሪያ ራስን ያዞራል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል፣ የተኛውም አይነቃም። ምድጃው ዘንድ እስኪበቃዎት ይሙቁ፤ ሊተኙ ሲሉ ግን ፍሙ ይውጣ። ከብርዱ ባናው ያድንዎታል፣ ከዚህኛው የሚያድን ልብስ የለም።

ኪዳን አይሂዱ አልልም፤ ብልም አይሰሙኝም። ብቻ ብርዱ የሚበረታው ሊነጋጋ ሲል፣ እርስዎ ከቤት በሚወጡበት ሰዓት መሆኑን አይርሱ። በጋቢው ላይ ባናውን ይደርቡ፤ ያንን ክፍት ጫማም ለፀሐይ ይተዉት።

በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ አንድ ካርቶን ልኬአለሁ። የክምሩ ሸራ፣ ሁለት የሱፍ ካልሲና አንድ ቴርሞሜትር አለበት። ቴርሞሜትሩን ከምድጃው አርቀው፣ በስተሰሜን በኩል ደጅ ጥላ ላይ ይስቀሉት። ማለዳ ልጁ ቁጥሩን አይቶ ይደውልልኝ፤ የስልኩን ሂሳብ እኔ እሞላለሁ። ከቁጥሩ ቀጥሎም ፍሙ የት እንዳደረ ይንገረኝ።

ልጅዎ